ሰኞ የሚመጣው መስኮት

ባለፈው ወር የክርስትና ልጄ ሣራ ሄግ፣ ሙርዋይክ ሰፈር በተከራየችው ቤት ውስጥ የግድግዳ ወረቀት ስትለጥፍ ላግዛት ሄጄ ነበር። ማገዝ ማለት በእኔ ዕድሜ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ "ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን ወደ ቀኝ" ማለት ነው። ሙጫውን በባልዲ በጥብጣ ብሩሹን ስትነክር፣ ያ ቀዝቃዛ፣ እንደቆየ ሊጥ ያለ ሽታ ከአሮጌው ግድግዳ እርጥበት ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬን መታው። ከዚያ በኋላ ያለችኝን ግማሹን አልሰማሁም። ጣራዋ ያፈስሳል። "ሁይስባሱ" አለችኝ፣ እዚህ አገር አከራይን የሚጠሩት እንዲህ ነው፣ "ሁይስባሱ በሚቀጥለው ሳምንት፣ በሚቀጥለው ሳምንት እያለ ሁለት ወር ሆነው።" ከመሰላሉ ሳትወርድ ስልኳን አወጣች፤ የሚያፈስሰውን ቦታ ፎቶ አነሳች፤ የኪራይ ክርክር ለሚያይ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ጽፋ ላከች። እኔ ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ነው ይህ ሁሉ የሆነው። "አንተ በወጣትነትህ ጊዜ ምን ታደርግ ነበር አባባ?" አለችኝ። እዚህ ያደገ ልጅ "አንተ" ሲለኝ መቆጣት ከተውኩ ቆይቷል። "እጠብቅ ነበር" አልኳት። "ዝም ብለህ?" አለች። አዎ ብዬ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ማለቴን ቀጠልኩ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ተናግረው የሚጨርሱት ነገር ስላልሆነ ቤቴ ገብቼ ይኸው እጽፈዋለሁ።

ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ ቁጥር ከጠፋብኝ ቆይቷል። ሱሪ ከታች ሰፍቶ የነበረበት ፋሽን ያለፈበት፣ የእኔ ሱሪ ግን ገና ያላለፈበት ጊዜ ነበር። አገሬ ያሰፋሁትን ሰፊ ሱሪ እየጎተትኩ ሄግ መንገድ ላይ ስሄድ የፈረንጅ ጎረምሶች ዞረው ያዩኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያማርኩ መስሎኝ ደረቴን እነፋለሁ። ካፖርቴን ከገበያ በአሥራ አምስት ጉልደን የገዛሁት ነው፤ ትከሻው ለሁለት ሰው ይበቃል። ከሆላንድስ ስፖር ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ መንገዱ ጥግ ላይ፣ ጥብስ ድንች የሚሸጥ ቤት ነበረ፤ አንድ ጉልደን ከሩብ ሲሰጡት በወረቀት ጠቅልሎ ማዮኔዝ ይደፋበታል። ከዚያ ጎን የሙዚቃ ሱቅ ነበረ፤ በሩን ከፍቶ ቀኑን ሙሉ ዲስኮ ያስጮኻል፤ ቃሉ ሳይገባን ሁላችንም እያንጎራጎርን እናልፍ ነበር። የትራም ካርዱ ረጅም ወረቀት ነበር፤ እያጠፉ ማሽኑ ውስጥ ማስመታት ነው። ብልጦቹ አንዱን መስመር ሁለት ቀን ሊጠቀሙበት ሲሞክሩ ተቆጣጣሪ ይይዛቸውና እሑድ ሮተርዳም ላይ የምንስቅበት ወሬ ይሆናል። ሮተርዳም በወር አንድ እሑድ ለጸሎት የምንሰበሰብበት፣ ፈረንጆቹ ያዋሱን ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ከአምስተርዳምም፣ ከሄግም የምንመጣው ሁላችን ብንደመር አንድ አውቶቡስ አንሞላም። ጸሎቱ አልቆ ደረጃው ላይ ቆመን ስናወራ ዘበኛው ቁልፉን እያንቃጨለ ያባርረናል።

ክፍሌ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበረች። የሆላንድ ደረጃ ሲወጡት ጉልበት አገጭን ሊነካ ምንም አይቀረው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የጋዝ ማሞቂያ፣ ወደ መንገዱ የሚያይ አንድ መስኮት። የመስኮቱ እንጨት ከመበስበሱ የተነሳ በጣት ሲጫኑት ይገባ ነበር። ብርዱ ሲገባ ስንጥቁን በጋዜጣ እጠቀጥቀዋለሁ፤ ዝናቡ ጋዜጣውን ያረጥበውና ውኃው በግድግዳው ይወርዳል፤ የግድግዳው ወረቀት ተልጦ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ይታያል። ሽታው ልብሴ ላይ ይቀር ስለነበር ባቡር ውስጥ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ወደ ጥግ እሸሽ ነበር።

አከራዬ ሚኒር ፒት ይባላል፤ ሚኒር አቶ እንደ ማለት ነው። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ አልነበረም። ጆሮው ቀይ፣ ትከሻው ሰፊ፣ በጋ ከክረምት ቡኒ የሥራ ጋዋን የማያወልቅ ሰው ነው። በር ላይ ሲያገኘኝ ትከሻዬን መታ አድርጎ የእናቴን ጤንነት ይጠይቃል። የእነሱ ዓመት ሲለወጥ በዘይት የተጠበሰ ድቡልቡል ዳቦ በሳህን ይዞልኝ ይመጣል። ነፍሱ ያለችው የውድድር እርግቦቹ ዘንድ ነበር፤ የእርግቦቹ ቤት ሲያፈስስ በዝናብ ጣራ ላይ ወጥቶ ሲጠግን አይቼዋለሁ። ከአፉ የማይጠፋ አንድ ቃል ነበረው፤ "ኮምት ኹት" ይላል፣ ይስተካከላል ማለት ነው። መቼ ሲሉት "ሰኞ" ይላል። ቅዳሜና እሑድ የእርግቦቹ ቀን ስለሆነ ለሰው የሚተርፈው ሰኞ ነው። የትኛው ሰኞ እንደሆነ ግን ተናግሮ አያውቅም።

ባለቤቴ የሺ ኻርቱም ነበረች። ከአገር አብረን ወጥተን፣ ዕድል ለእኔ ቀድሞ ቀናኝና እሷን ደይም ሰፈር ትቻት መጣሁ። ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ በአንድ ሱዳናዊ ልብስ ሰፊ መኪና ላይ ትሠራ ነበር። ስልክ የሚቻል ስላልነበረ ድምፃችንን በካሴት ቀርጸን እንላላካለን፤ በአንዱ ገጽ እኔ፣ በሌላው ገጽ እሷ። የሺ እየሰፋች ነበር የምታወራው። መኪናው ከድምፅዋ ኋላ ሲንጣጣ ይሰማል፤ ነገሩ ሲከብዳት መኪናው ይቆማል፤ ቀለል ሲላት እንደገና ይቀጥላል። ቃሏን ሳልሰማ ልቧን ከመኪናው አውቀው ነበር። እኔ በበኩሌ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ፣ የመድረሻው አዳራሽ ወለል ነበር የምወለውለው። ሰው በሻንጣ ጋሪ እየወጣ፣ ሰው ሰውን እያቀፈ፣ አበባ እየወደቀ፣ እኔ የወደቀውን አበባ እጠርጋለሁ። የሺ የምትወጣበትን በር መርጬ ነበር። እዚያ በር ፊት ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ እወለውል ነበር፤ አለቃዬ አይቶኝ ለምን እንደሆነ ቢጠይቀኝ ቆሻሻ ይበዛበታል አልኩት።

በዚያን ጊዜ ደንብ ሚስት ለማምጣት፣ ኽሜንተው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለቴ ነው፣ ሰው ልኮ ቤቱን አይቶ ለሁለት ሰው ይሆናል ብሎ መፈረም ነበረበት። የተላከው ቀጭን፣ ቁምነገረኛ ሰው ነበር። ጣቱን የመስኮቱ እንጨት ውስጥ ከተተና አወጣ፤ ግድግዳውን ዳበሰ፤ ጣቱን በመሐረቡ ጠረገ። መስኮቱ ይቀየር፣ ግድግዳው ይድረቅ፣ በዚያው ዕለት እፈርማለሁ አለኝ። ሲወጣ አንድ ገጽ ቅጽ ሰጠኝ። አከራይህ አልሠራም ካለ ይህን ሞልተህ አምጣልኝ፣ የማስገደዱን ሥራ ለእኛ ተወው አለ። ስለዚህ የየሺ መምጣትና አለመምጣት በዚያ በበሰበሰ መስኮት ላይ ነበር። ቅጹን በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ሦስት ቀን ፈጅቼ ሞላሁት። ከማስገባቴ በፊት ግን አባት አለን ብዬ ጋሽ ደምሴን አማከርኩ።

ጋሽ ደምሴ ወሎ ውስጥ የታወቁ የአገር ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው አስመጥቷቸው ሄግ ይኖራሉ፤ ስድሳን አልፈዋል። ደም የተቃባ ያስታረቁ፣ የተፋታ የመለሱ ሰው ስለነበሩ እዚህ መጥተው ሥራ መፍታታቸው ይከብዳቸው ነበር። ነገሬን ሰምተው አዘኑብኝ። የሰው ጣራ ሥር እያደርክ ሰውየውን ልትከስ ነው? ደግሞስ ተከሶ የሠራው መስኮት ሚስትህን በሰላም ያስገባታል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉኝ። ሽማግሌ ይላካል፤ ይለመናል፤ ሰው ነው፣ ይሰማል። እኔም ደስ አለኝ። በሰው አገር እንደ አገሬ ሰው የሚቆምልኝ አገኘሁ ብዬ ነው ደስ ያለኝ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ክስ እፈራም ነበር፤ እኛ ከመሥሪያ ቤት ሸሽተን የመጣን ሰዎች ነን።

ሄድን። ጋሽ ደምሴ፣ ሌሎች ሁለት አዛውንቶች፣ እኔ፣ ለአስተርጓሚነት ደግሞ ጌታቸው የሚባል ሄግ ለትምህርት የመጣ ልጅ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ድፎ ዳቦ በፎጣ ጠቅልለን በትራም። ሕፃናት አፍጥጠው ያዩናል፤ ጌታቸው ከመሳቀቁ የተነሳ የማያውቀን መስሎ ጫፍ ላይ ቆሟል። ሚኒር ፒት ጓሮው ውስጥ ሰዓት በእጁ ይዞ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ከፈረንሳይ የተለቀቁ እርግቦቹን እየጠበቀ ነው። ሚስቱ ወንበር አወጣችልን። በእኛ ወግ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። እሷ ወንበር ትስባለች፣ እነሱ እጅ እየነሱ ቆመው ይቀራሉ፤ ወንበሩ የቆሸሸ መስሏት በጨርቅ ጠረገችው፤ አሁንም አልተቀመጡም። ሴትዮዋ ልታለቅስ ደረሰች። ጌታቸው ነገሩን ባስረዳ ጊዜ ግን ሚኒር ፒት ሰዓቱን ጋዋኑ ኪስ ከተተ። ሦስት ሽማግሌ ለአንድ መስኮት ደጁ ቆሞለት አያውቅም። ፊቱ ቀላ። እስከ በዓለ ሃምሳ መስኮቱን አስቀይራለሁ አለ።

ጋሽ ደምሴ እጅህን ምታልኝ አሉት። ጌታቸው ሳይተረጉም ሚኒር ፒት እጁን ዘረጋና የእሳቸውን መዳፍ ሦስት ጊዜ ጧ፣ ጧ፣ ጧ አደረገው። አባቱ ለካ የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ እነሱም አገር ከብት የሚሸጠው እጅ በመማታት ነው። ጋሽ ደምሴ እንባቸው መጣ። ፈረንጅም ቃል ያውቃል ማለት ነው ብለው፣ "ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" አሉ። ጌታቸው ሲተረጉመው የሚኒር ፒት ሚስት አፏን ያዘች። ከዚያ ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። እሱ ቃሉን ሰጠ፣ አንተስ? ክስ በኪስ ይዞ ዕርቅ የለም። ወረቀቱን አውጥተህ ቅደደው አሉ። አወጣሁና በፊታቸው አራት ቦታ ቀደድኩት። ሚኒር ፒት ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ቆሻሻ መስሎት ቁርጥራጩን ከእጄ ተቀብሎ ባልዲ ውስጥ ጣለው። ያኔ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ዳቦው ተቆርሶ፣ ተመርቆ፣ ሁላችንም በላን። አንዲት እርግብ ስትመጣ ሰውየው ቁራሹን በአፉ እንደያዘ ሮጠ፤ በጣም ሳቅን። እንደዚያን ቀን የሳቅሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

በዓለ ሃምሳ አለፈ። አናጺው ወገቡን አመመው ተባለ። ከዚያ እንጨቱ ታዝዟል፣ አልደረሰም። ከዚያ እርግቦቹ ታመሙ። ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ። እኔ ሰኞ ሰኞ የሥራ ተራዬን ከጓደኛ ጋር ተለዋውጬ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ መንገዱን አይ ነበር። ማታ ቴፑን ከፍቼ ለየሺ እናገራለሁ። በሚቀጥለው ወር ይሠራል እላታለሁ። ለዘመን መለወጫ እላታለሁ። ለመስቀል እላታለሁ። የሚኒር ፒትን ቃል እየተቀበልኩ በራሴ ድምፅ ለሚስቴ እልክላት ነበር። እሱ ለእኔ ያላደረገውን እኔም ለእሷ አላደረግሁም፤ ልዩነታችን እኔ እርግብ የለኝም።

አንድ ጊዜ የመስኮቱን ልክ ላክልኝ አለችኝ፤ መጋረጃ ልትሰፋ ነው። ሜትር አልነበረኝም። ሲባጎ ቆርጬ የወርዱን ልክ በአንድ ቋጠሮ፣ የቁመቱን በሁለት ቋጠሮ አስሬ በፖስታ ላክሁላት። በሚቀጥለው ካሴት ስትስቅ ሰማሁ። ሱዳናዊው ልብስ ሰፊ ሲባጎውን አይቶ ባልሽ ቤት ነው የሚሠራው ወይስ ፍየል ነው የሚያስረው አላት አሉ። ነጭ ጨርቅ ገዛች። ጠርዙን በአረንጓዴ ክር ልጥለፈው ወይስ በሰማያዊ ብላ ጠየቀችኝ፤ አረንጓዴ አልኳት።

ጌታቸው ወንድም ሆኖኝ ነበር። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እያለ ይነዘንዘኛል፤ ቅጹ እኮ አንድ ገጽ ነው፣ ሌላ ይሰጡሃል፣ እኔ ራሴ እሞላልሃለሁ ይለኛል። ሽማግሌ ፊት የቀደድኩትን እንዴት አድርጌ እንደገና እሞላዋለሁ። ከስሼ ቢሰሙ የጋሽ ደምሴ ስም ምን ይሆናል፤ ሰው በሽማግሌ የያዘውን ካፈረሰ ምን ቀረው። አንድ ቀን ግን ሄድኩ። ኽሜንተው አዳራሽ ገብቼ ቁጥር ያዝኩ፤ ሰባ ሁለት። ስድሳ ዘጠኝ ላይ ደርሰዋል። ሰባ ተጠራ፣ ሰባ አንድ ተጠራ። ጋሽ ደምሴ በዚያ ጓሮ እንባቸው የመጣው ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ሰባ ሁለት ሲጠራ ተነሥቼ ወጣሁ። የቁጥሯን ወረቀት እቤት እስክደርስ በእጄ ጨብጫት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ካሴት አጭር ነበር። መጋረጃውን ጨረስኩት አለች። ትንሽ አተኩሶኛል፣ የዝናቡ ወራት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ወባ ነው አለች። መኪናው እየሠራ ነበር፤ ከዚያ ቆመ። "ታዴ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ቤቱ አለ ወይስ የለም? ሌላ ሴት ይዘህም ከሆነ ንገረኝ፤ እኔ ማወቅ ይበቃኛል።" መኪናው ከዚያ ወዲያ አልቀጠለም። ካሴቱ እስኪያልቅ ድረስ ጠበቅሁ፤ ውሻ ሲጮኽ፣ ሴቶች በሩቅ በዐረብኛ ሲነጋገሩ ብቻ ይሰማል። እኔም በዚያው ማታ መለስኩላት። ምንም ሴት የለም፣ ቤቱ አለ፣ መስኮቱ ሰኞ ይቀየራል አልኳት። ካሴቱ ይድረሳት አይድረሳት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ለሥራ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ በመስኮቱ ስንጥቅ ጋዜጣውን ገለጥ አድርጌ ዝናብ እንዳለ ባይ፣ ከመጀመሪያው ትራም አራት ሐበሾች ሲወርዱ አየሁ። ጥቁር ካፖርት፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ማንም ማንንም አያወራም። ጋሽ ደምሴ ከፊት ናቸው፤ ጌታቸው ከኋላ ነው። እንደኛ ወግ ሰው በሥራ ቀን በማለዳ ተሰብስቦ የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመርዶ። እናቴ ናት ብዬ ነበር መጀመሪያ ያሰብኩት። እናቴ በሆነች ብዬ የተመኘሁት ደግሞ ደረጃውን ሲወጡ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ አንድ በአንድ ነው የሚወጡት፤ የመጨረሻው እስኪገባ የመጀመሪያው ቆሞ ይጠብቃል፤ እኔም አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ አንዱን ውጭ አድርጌ ቆሜያለሁ።

ለቅሶዬን አልጽፈውም። ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ ተቀመጥን፤ ከሮተርዳምም ከአምስተርዳምም ሰው መጣ፤ የታችኛው ጎረቤት በጩኸቱ ደንግጦ ፖሊስ ሊጠራ ነበር፣ ነገሩን ሲሰማ ግን ድስት ሙሉ ሾርባ ይዞ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ሲበተን ጋሽ ደምሴ ቀሩ። ግድግዳውን፣ ያን ጥቁር ሻጋታ ሲያዩ ቆዩና፣ "ልጄ፣ ያን ወረቀት ያስቀደድኩህ እኔ ነኝ" አሉኝ። "እጁ የእኔ ነው፣ የቀደድኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ሁኑልን ብሎ ደጃቸው የመጣውን ሁሉ፣ አርጅቻለሁ እያሉ ሲመልሱ ኖረው ሞቱ። እኔ በእሳቸው ቂም የለኝም። እሳቸው ያሉት ተረት ግን ሌሊትም ቀንም አይለቀኝም። እኔ የወለድኩት አልነበረኝም። የተናገርኩት እንዳይጠፋ ብዬ የጠፋችው የሺ ናት።

በሳምንቱ ሰኞ ሚኒር ፒት መጣ። አናጺ አስከትሎ፣ አዲስ መስኮት ከነመስተዋቱ አሸክሞ፣ የግድግዳ ወረቀት ጥቅሎች በብብቱ ይዞ። የሺ መሞቷን የነገረው የለም፤ እኔም አልነገርኩትም። አላየህም፣ ኮምት ኹት አላልኩህም ብሎ ትከሻዬን መታ። ቃሉን አክብሮ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ አናጺው እንጨት እየላገ ሲያጫውተኝ ነው ኽሜንተው የመንገዱን ቤቶች መስኮት በሙሉ በራሱ ወጪ እያስቀየረ መሆኑን የሰማሁት። ሚኒር ፒት የግድግዳ ወረቀቶቹን አልጋዬ ላይ ዘርግቶ ሚስትህ የትኛውን ትወዳለች አለኝ። አረንጓዴ ያለበትን አሳየሁት። ሙጫውን በባልዲ በጠበጠ። ሣራ ቤት የሸተተኝ ይህ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ ቀጭን ሰውዬ መጣ፤ መስኮቱን ከፍቶ ዘጋ፣ ግድግዳውን ዳበሰ፣ እንዳለውም በዚያው ዕለት ፈረመ። ለሁለት ሰው መኖሪያ ይሆናል ይላል ወረቀቱ። አመሰግናለሁ ብዬ ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በመሥሪያ ቤት በኩል ቃሉን የጠበቀልኝ ሰው እሱ ነው፤ ለእሱም አልነገርኩትም።

አርባዋ ሊደርስ ሲል አንዲት ልጅ ከኻርቱም መጣች፤ ከየሺ ጋር አንድ ክፍል ከሚኖሩት አንዷ ናት። ስኪፖል እኔ በመረጥኩት በር ነው የወጣችው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ፤ መጋረጃው ነው። ነጭ ነው፤ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ሐረግ ተጠልፎበታል፤ ስፌቱ እንደሷ ንግግር ጥንቅቅ ያለ ነው። ሲባጎው ከነቋጠሮው ውስጡ ነበር። ወንበር ላይ ወጥቼ ሰቀልኩት። በወርዱ ልክክ አለ። ቁመቱ አልደረሰም። አዲሱ መስኮት ከድሮው አንድ ስንዝር ይረዝም ነበር። ሲባጎውን አውጥቼ ለካሁ፤ እሷ አልተሳሳተችም፤ እኔ የላክሁትን አንዲት ጣት ሳታጎድል ሰፍታዋለች። ጎንበስ ብዬ ከታች ጎተት አደረግሁት፤ ጨርቅ አይሳብም። ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ አለቀስኩ።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሚኒር ፒት ሥራውን ሊያይ ወጣ። መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋ፣ በጣም ኮራ። ከዚያ መጋረጃውን አየ። በእጁ ጠርዙን ይዞ ጥልፉን ወደ ዓይኑ አቀረበ፤ እንዴት ያምራል፣ ግን አጥሯል አለ። ማን ነው የሰፋልህ አለኝ። ባለቤቴ ናት አልኩት።

"ታዲያ መቼ ነው የምትመጣው?" አለኝ።

"ሰኞ" አልኩት።

ጥሩ ነው ብሎ ትከሻዬን መታ አድርጎ ደረጃውን ወረደ።